በአንተ ሰዓት የሚጀመረው ስብሰባ

እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ

ይድረስ ለአኩራፊው ሰውዬ፤

እንደምን አለህ? ይህን የምለው የደብዳቤ ወግ እንዳይጎድልብኝ አይደለም። ደህና መሆንህን ማወቅ ፈልጌ ነው። ትናንት መልዕክትህ ሳይመጣ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ልቤ ቦታው ላይ የለም።

«የምን መልዕክት? እኔ ከጻፍኩላችሁ ስንት ጊዜዬ!» ስትል ይሰማኛል። ልክ ነህ፣ አንተ አልጻፍክም። የሚጽፍልን ኮምፒውተርህ ነው። ያ ጠረጴዛችን ሥር ተጋድሞ ቀኑን ሙሉ እንደ ድመት ሲያንኮራፋ የሚውለው ጥቁር ሳጥን፣ ስትሄድ በእኔ ሹራብ ጠቅልለህ ሻንጣህ ውስጥ የከተትከው። የፕሮግራመሮች ማኅበራችንን ባቋቋምን ሰሞን ሰው ስብሰባ እየረሳ ሲያስቸግረን፣ አንድ ቀን ተናደህ ቁጭ አልክና ትንሽ ፕሮግራም ጻፍክ። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ልክ ቀትር ላይ፣ ዝርዝራችን ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይልካል። «ከሁለት ሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ኑ፣ ወንበር ይዘንላችኋል።» ከሥሩ ያንተ ስም።

ከዚያ አንተ ሄድክ፣ ሳጥኑም ተከተለህ። ፕሮግራሙን ማናችንም አላስታወስነውም፤ አንተም እንዳላስታወስከው እገምታለሁ። እዚያ ቤት ገብተህ ሶኬቱ ላይ ስትሰካው ግን ካቆመበት ቀጥሏል። ስልክህን ካላነሳህልን፣ ለደብዳቤም መልስ ካልሰጠኸን ይኸው ስንት ወር ሆነ፤ አንተ ሳታውቀው በየወሩ ስትጠራን ኖረሃል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አንተ በሄድክ በመጀመሪያው ወር እንደ ድሮው በስምንት ሰዓት ተሰበሰብን። ድርብ ሰረዝ ነበር ተናጋሪው። ታስታውሰዋለህ መቼም፣ ያ ኮዱ ውስጥ ይህችው ምልክት ጎድላው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣው ልጅ፤ ስሙ እንደተለጠፈበት ቀርቷል፤ አሁንማ ራሱ «ድርብ ሰረዝ ነኝ» ብሎ ነው የሚተዋወቀው። እጁን እያወናጨፈ ሲያብራራ፣ የነባሮቹ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጫ። አነበብን። «ከሁለት ሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ኑ፣ ወንበር ይዘንላችኋል።»

«ኧረ ጉድ! ሰውዬው ሄዶም አልለቀቀንም!» አለ ድርብ ሰረዝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ቶሎ የገባት የጥርስ ሐኪሟ ናት። እሷ ደግሞ አንተ ከሄድክ በኋላ የመጣች ናት፣ አታውቃትም፤ ቀን ጥርስ ትነቅላለች፣ ሲመሽ ኮድ ትጽፋለች፤ ሁለቱም ትዕግሥት ነው ትላለች። «ሳጥኑ ራሱን አሁን ካለበት አገር ሰዓት ጋር አስተካክሎ ነው። እዚያ ገና አሁን ነው ቀትር የሆነው» አለች።

እዚያ ገና ቀትር ነው። ይህን ስሰማ ሳቄን አቆምኩ። በዚያች ደቂቃ አንተ በምን በኩል ፀሐይ እየመታህ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩና ድርብ ሰረዝ የቀረውን ምን ብሎ እንደጨረሰው አልሰማሁም።

ስብሰባው አልቆ፣ ወንበር ደራርበን፣ ሰሌዳውን እየጠረግሁ ሳለ በሩ ተከፈተ። እናትህ ናቸው። ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው፣ የእጅ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው። ይህንንም ያመጣኸው አንተ ነህ። ፕሮግራሙን ስትሞክር «ለሙከራ የእናቴን ቁጥር ላስገባ» ብለህ አስገባህ፤ ማውጣቱን ረሳኸው። ሌላ ሰው የሞከረበትን ያነሳል፤ የእኛ ዓይነቱ ነው የሞከረበትን ትቶ የሚሄደው። እዚህ ሳለህ መልዕክቱ ሲደርሳቸው «ይሄ ልጅ ደግሞ ስብሰባውን ለእኔ ይነግረኛል» እያሉ ይስቁ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቁም።

«ልጄ ጠርቶኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «ወንበር ይዘናል ብሎኛል።»

ወንበሮቹ ግድግዳው ጋ እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። አንጀቴን በሉት። የመኪና መንዳት አስተማሪው፣ የክፍሉ ባለቤት፣ ከቁልሉ ላይ አንዱን አወረደና በእጅጌው ጠርጎ ከፊት አስቀመጠላቸው። ከዚያ ሁላችንም ያወለቅነውን ካፖርት መልሰን እንደምንለብስ ወንበሮቻችንን ዘረጋን፤ ድርብ ሰረዝም ያንኑ ንግግሩን ከሀ ጀመረው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻል ነበር ብልህ አትመነኝም። ሲጨርስ እናትህ አጨበጨቡለት፤ «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ተባረክ። አንድም ነገር አልገባኝም» አሉት። እስካሁን ማኅበራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ምስጋና ያገኘ ተናጋሪ የለም።

በሚቀጥለው ወር አዘጋጆቹ ተገናኘን፤ አጀንዳው አንድ ነው፣ መልዕክቱ ሰዓቱን ስቷል፣ ምን እናድርግ? አዲስ አስታዋሽ መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አንዲት መስመር ቦታዋን ሳተች ብለን ሙሉ ሥራ አፍርሰን የምንሠራ ሰዎች መሆናችንን ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ድርብ ሰረዝ ጣሪያውን እያየ፣ «ስብሰባውን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ብንወስደውስ? ያኔ መልዕክቱ ትክክል ይሆናል» አለ። ተያየን። ማንም አልተቃወመም። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን በማስተካከል ፈንታ ራሳችንን አስተካክለን፣ በአንተ ቀትር እየተጠራን እንሰበሰባለን።

ክፍሉን በአዲሱ ሰዓት ብታየው ትወደዋለህ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ትገባና ግድግዳው ላይ ያሉትን የመንገድ ምልክቶች አንድ በአንድ ታበራቸዋለች፤ መጀመሪያ «ቁም»ን፣ ቀጥሎ «ቅድሚያ ስጥ»ን፣ ከዚያ ያንን ለምን እንደሆነ ማንም የማያውቀውን የሚዘል አጋዘን። ጥግ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ሞተር አለ፤ ሆዱ እንዲታይ። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው የሚነካው። ፕሮጀክተሩ ሲበራ አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ የሚናገረው ሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስለኛል፤ እኔም የተቀመጥኩበት እልም እላለሁ። ሰብሳቢ ሆኜ በየስብሰባው ማለም አያምርብኝም፤ ግን ዓይኔ ክፍት ስለሆነ አልተነቃብኝም።

የስብሰባውን ፕሮግራም የማወጣው ሐሙስ ሐሙስ ከምሠራበት ውኃ መሥሪያ ቤት ስወጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከባዱን ከፊት፣ ቀላሉን ከኋላ፤ ብዙ የሚያወራውን ሻይ ሊቀርብ ሲል፣ ሻዩ ራሱ እንዲያቆመው። የመጨረሻዋን ሰዓት ግን እንዳንተ ደንብ ባዶ ነው የምተዋት፣ «የተበላሸ ይዞ ለመጣ»። ልማዷን አልተውንም። ሰው የማይሠራለትን ይዞ ይመጣል፣ ሰሌዳው ላይ ይዘረግፈዋል፣ ሁላችንም አብረነው እናፈጣለን። አንዳንዴ ይስተካከላል። ካልተስተካከለም ባለቤቱ ቀለል ብሎት ይሄዳል።

አውቶቡሱ መስኮት ላይ ጭንቅላቴን ስደገፍ አንዳንዴ ያ ሳጥን ያለበት ክፍል ይታየኛል። አላውቀውም፤ ስለማላውቀውም እንደፈለግሁ እሠራዋለሁ። መጋረጃ የለውም፣ አንተ መጋረጃ መስቀል አትወድም። ሳጥኑ ጥግ ላይ ሹራቤ ላይ ተቀምጧል። ቀትር ሲሆን አንተ ቤት የለህም፤ ክፍሉ ጭር ብሏል። ሳጥኑ ብቻውን ይነቃና ለባዶው ክፍል ሳይሰማ እኛን «ኑ» ይለናል፤ መልሶ ያንኮራፋል። ይህን ሳስብ ስንት ጊዜ መውረጃዬን አልፌያለሁ።

ያለህበት አገር ደግሞ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ይቀይራል አሉ። እኛ ምን አውቀን! አንድ ቅዳሜ መልዕክቱ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ ዘገየን። ከወራት በኋላ ተመልሶ ቀደመ፤ ቀደምን። እናትህ ወዲያው ነው የተረዱት። «እዚያ ብርድ ገባ ማለት ነው» ይላሉ ሲዘገይ፤ «ካፖርት ይኖረው ይሆን?» ሲቀድም ደግሞ ፊታቸው ይፈታል፤ ፀሐይ ወጣለት ማለት ነው። የአንተን ክረምትና በጋ የምናውቀው በስብሰባችን ሰዓት ነው። አዲስ አባላት «ለምንድን ነው ሰዓቱ የሚለዋወጠው?» ብለው ሲጠይቁኝ «የቴክኒክ ጉዳይ ነው» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር የጥርስ ሐኪሟ ተናጋሪ ነበረች። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ደርቀው ስለሚቀሩበት ነገር ነው ያወራችው። ኮድ አላሳየችም። አስተማሪው ለተማሪዎቹ የሚጠቀምበትን ባለ መስቀለኛ መንገድ ሰሌዳ አስጋደመችና አራት አሻንጉሊት መኪኖች በአራቱ አፍ አቆመች። ሁሉም በቀኙ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም ሕግ አክባሪ ነው፣ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።

«እና ምን ይሆናሉ?» አሉ እናትህ።

«እዚያው ያረጃሉ፣ እማማ።»

አስተማሪው ከበሩ በኩል፣ «መንገድ ላይማ መፍትሔ አለው» አለ። «አንዱ እጁን ያወጣና ‹እለፍ› ይላል። በሕጉ ማን ትክክል እንደሆነ መጠየቁን ይተወዋል።»

አራቱን መኪኖች አየኋቸው። አንተ «ነይ» አልክ፣ እኔ «ተመለስ» አልኩ፤ አንተ እስክመጣ ጠበቅህ፣ እኔ እስክትመለስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም መጠበቃችንን እንደ ኩርፊያ ያዝነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛ ግን ነቅዟል፣ እኔ ነኝ የምነግርህ።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ።

አስተማሪው ከጥቂት ሳምንት በፊት በጨዋ ደንብ ጠርቶኝ ነበር። ከሥራ መልስ የሚማሩ አዲስ ተማሪዎች ይዟል፤ ስብሰባችን ሲዘገይ እነሱ በር ላይ ይቆማሉ። ቢቻል ወደ ድሮ ሰዓታችን እንመለስ ነው የሚለው። እውነት አለው፤ ክፍሉ የእሱ ነው። አዘጋጆቹ ተስማማን፤ አዲስ አስታዋሽ እንጽፋለን፣ ከአሮጌው ዝርዝር እንወጣለን፣ በስምንት ሰዓት እንሰበሰባለን። የቀረው ለእናትህ መንገር ነው። የጠራቸው ልጃቸው ሳይሆን አንድ ሳጥን መሆኑን፣ ሳጥኑም ሰዓቱን የሳተ መሆኑን፣ ከእንግዲህም ሌላ ሰው እንደሚጠራቸው። ማን ይንገራቸው? ሰብሳቢዋ ይባላል እንግዲህ። ሳምንቱን ሙሉ ቃሉን እያላመጥኩ ከረምኩ። ትናንት ልነግራቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ መልዕክቱ የለም። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። ድርብ ሰረዝ ጋ ደወልኩ፣ «እኔም ጋ የለም» አለ። ሌሎቹም ጋ የለም። የለመደ እግር አያርፍምና በአሥራ አንድ ሰዓት ያለ መልዕክትም ቢሆን አብዛኛው ሰው መጣ፤ የፊተኛው ወንበር ግን ባዶ ነው። ማንም ንግግር ሊጀምር አልደፈረም። ፈራሁ። ለእሳቸው ብቻ አይደለም የፈራሁት።

ድርብ ሰረዝ ልቡ ደግ ነው፣ ጣቱ ግን ይቀድመዋል። እኔ በር ላይ ስንጎራደድ እሱ በአንተ ስም መልዕክት አቀናብሮ ለእናትህ ላከላቸው። «ውድ እናቴ፣ እባክዎ ወደ ስብሰባው ይምጡ፤ ወንበር ተይዞልዎታል።» ካየሁት በኋላ ምን ልበለው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስብሰባውን ለሐኪሟ ትቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰማያዊው ቀሚስ፣ የተወለወለው ጫማ፣ ቦርሳው ጭናቸው ላይ። ስልኩ ከቦርሳው ላይ ተቀምጧል፣ ብርሃኑ ፊታቸውን ከታች አብርቶታል።

«እማማ፣ መልዕክት አልደረሰዎትም?»

«ደርሶኛል። የእሱ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«‹እባክዎ› ይላል። ልጄ ዕድሜውን ሙሉ እባክዎ ብሎኝ አያውቅም። ‹ኑ› ነው የሚለኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚህ ወዲያ ማምለጫ የለም ብዬ፣ «እማማ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ» አልኩ።

«ሳጥኑ መሆኑን ነው?»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። በየወሩ አንድ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚናገር ሰው የለም፤ ይልቁንም እሱ፣ ሰላምታውን እንኳ አሥር ጊዜ የሚለዋውጥ! ሳጥኑ ነው። ግን ሳጥኑ ያለው እሱ ቤት አይደለም? ሳጥኑ ከተናገረ ቤቱ መብራት አለ። ቤቱ መብራት ካለ ልጄ ገብቶ ይወጣል ማለት ነው፤ ደህና ነው። እኔ ለእናንተ ኮድ የምመጣ መሰለሽ? ‹አለ› ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ለብሼ የምሄድበት ሌላ ቦታ ስለሌለኝ ነው።»

«ዛሬስ?» አልኩ።

«ዛሬ መብራቱ የለም። ልብሴን ግን አስቀድሜ ለብሼ ነበር፤ ላወልቀው ደግሞ ፈራሁ።»

እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺስ?» አሉኝ። «አንቺ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ትመጫለሽ?»

«እኔማ ሰብሳቢ ነኝ፣ እማማ።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ትናንት አንተ የምትወዳትን ያቺን አረንጓዴ ሸሚዜን ነበር የለበስኩት። «እሺ፣ ሰብሳቢዋ» አሉና ሳቁብኝ፤ ያን ቀን የሳቁት ያኔ ብቻ ነው።

ወረቀት ጻፊለት ያሉኝ እሳቸው ናቸው። «ስልኩን አያነሳም፤ ወረቀት ግን በበር ሥር ይገባል፣ ቢጠላውም ይረግጠዋል።» አድራሻህን መነጽራቸውን የላክህበት ካርቶን ላይ አገኘነው፤ ካርቶኑን አልጣሉትም፣ መነጽሩ አሁንም እዚያው ውስጥ ነው የሚያድረው።

ከዚያ ደግፌ ወደ ስብሰባው ወሰድኳቸው። ስንገባ ክፍሉ ጢም ብሏል፤ የአስተማሪው ተማሪዎች ደርሰው፣ በር ላይ ከሚቆሙ ብሎ ከእኛ ጋር ቀላቅሎ አስቀምጧቸዋል። ግማሹ ሰው መኪና ሊማር፣ ግማሹ ኮድ ሊሰማ፤ ሐኪሟም ለሁለቱም የሚሆን ብላ ያንኑ የመስቀለኛ መንገድ ሰሌዳ አውጥታ እንደገና ታስተምራለች። የፊተኛው ወንበር ባዶውን ይጠብቃል። ድርብ ሰረዝ ተነስቶ አንገቱን ደፍቶ እናትህ ፊት ቆመ።

«ይቅርታ፣ እማማ። ላታልልዎ አይደለም፣ እንዳይቀሩብን ብዬ ነው።»

«ሁለተኛ በልጄ ስም እንዳትጠራኝ» አሉት። «በራስህ ስም ጥራኝ፤ እመጣለሁ።»

አስተማሪው ሰሌዳው ጋ ቆሞ ይህን ሰማ። ስብሰባው ሲያልቅ ጠጋ ብሎ፣ «ሰዓቱን አትንኩት» አለኝ። «የኔዎቹ በሌላ ቀን ይመጣሉ። ሌላ ቀን ካልተመቻቸውም ከናንተ ጋር ይቀመጣሉ፣ ምን ይሆናሉ?» ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ ያው በአንተ ሰዓት ነው፤ መልዕክቱ ቢመጣም ባይመጣም። እስከዚያ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስህ ብዬ ነው ዛሬውኑ የተቀመጥኩት።

እንግዲህ ልለምንህ። ሳጥኑ በራሱ ደክሞት ከሆነ፣ የእሱን በሽታ ታውቀዋለህ፣ አቧራ ነው። ሽፋኑን አንሳና እፍ በልበት። አንተ አጥፍተኸው ከሆነም ጥፋት የለብህም፤ ቤቱም ሳጥኑም ያንተ ነው፤ ማንም በልጅነቱ የጻፈውን ፕሮግራም ዕድሜ ልኩን አያበራም። ግን ለእናትህ አንዲት መስመር በእጅህ ጻፍላቸው። ማሳመር የለበትም። «አለሁ» በላቸው። ከቻልክ ደግሞ «ኑ» በላቸው። ታመህም ከሆነ፣ ከፍቶህም ከሆነ ንገረን፤ ከመገመቱ ማወቁ ይሻላል፣ እኔ ስገምት ክፉ ነኝ።

ለእኔ ምንም አትጻፍ። እኔ ሰብሳቢ ነኝ።

የሚቀጥለውን ስብሰባ ፕሮግራም ዛሬ ጠዋት ጨርሼዋለሁ፤ ሐሙስን አልጠበቅሁም። መጀመሪያ ድርብ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ሻይ። የመጨረሻዋ፣ «የተበላሸ ይዞ ለመጣ» የምንላት፣ በዚህ ወር ባዶ አይደለችም። የራሴን ስም ጽፌባታለሁ። ምን ይዤ እንደምቀርብ ሐኪሟ ጠየቀችኝ፤ «ሁለት ነገሮች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ የደረቁ» አልኳት። ኮዱን ላኪልኝ ልየው አላለችኝም። ብልህ ሴት ናት።

እናትህ አጠገቤ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነው፤ በመስኮቱ ጠፈጠፉን ያያሉ። ምርቃታቸውን እንዳለ ጻፊው ብለውኛል። «የገባህበት ቤት ይሙቅልህ። የረገጥከው ደረጃ አያዳልጥህ። ክፉ ሰው በበርህ አይለፍ፣ ደግ ሰው በርህን አይሳት። መብራትህ አይጥፋ፣ ልጄ፤ ቢጠፋም የሚያበራልህ አይጥፋ።» አሜን ብያለሁ በአንተ ፈንታ፤ አንተም ስታነብ በልበት።

እኔ ምርቃት አላውቅበትም። እጄን አውጥቼልሃለሁ፣ እለፍ። በሕጉ ማን ትክክል እንደነበረ አልጠይቅም።

በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ አንተ ጋ ቀትር ሲሆን፣ እዚህ ፀሐይዋ ገና «ቁም» ላይ ሳትደርስ ቀድሜ እገባለሁ። የእናትህን ወንበር ከፊት አደርጋለሁ። ከእሱ ጎን ሌላ አለ፤ እስካሁን ቦርሳዬን እያስቀመጥኩበት ማንንም አላስቀመጥኩበትም፤ ተሰብሮ ነው እላቸዋለሁ። አልተሰበረም።

ና፣ ወንበር ይዤልሃለሁ።

ሰብሳቢዋ